ከደፉ ወዲህ

ባለፈው ቅዳሜ በርበሬ ልገዛ ገበያ ወርጄ ጫማ ተራው ጋ ስደርስ እግሬ ቆመብኝ። ነጋዴዋ ልጅ አዲስ የመጡ የላስቲክ ጫማዎች ሸራ ላይ ደርድራለች፤ ፀሐይ አግሏቸው ኖሮ ሽታቸው መንገዱን ሞልቶታል። አንዱን አነሣሁና አሸተትኩት። ልጅቷ አይታ ሳቀች። “እማማ፣ ይኼ እኮ አይበላም” አለችኝ። ዋጋውን ስጠይቃት ሦስት መቶ ብር ብላ ጠራች። በእኔ ጊዜ ኮንጎ ጫማ ሦስት ብር ከስሙኒ ነበር፤ እሱም ለዓመት በዓል ነው የሚገዛው፤ ገዝቶም እንዳይቆሽሽበት ቤቱ እስኪደርስ በብብቱ ይዞት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ነበር። ይህን ብነግራት “ያኔማ እናቴም አልተወለደች” ብላ ወደ ሌላ ገዢ ዞረች። በርበሬውን ረስቼ ባዶ ዘንቢሌን ይዤ ተመለስኩ። ሽታው ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ለእናንተ የላስቲክ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን ወጣትነቴ ነው። ሃያ ዓመት ያህል ላሊበላ፣ ቤተ ማርያም ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የሰው ጫማ ጠብቄያለሁ። ያን ጊዜ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ሣር ሜዳ ላይ ነበር፣ ያውም በበጋ ብቻ፤ ክረምት ሲገባ ሜዳው ይጨቀይና ከተማው ለእኛው ለባለቤቶቹ ይቀራል። በበጋ ፈረንጆቹ ይመጣሉ፤ ወፍራም ቦት ጫማቸውን እየጎተቱ ያወልቃሉ፤ ቁንጫ ፈርተው ካልሲያቸው ላይ ነጭ ዱቄት ይነሰንሳሉ። በአንዱ በር ገብተው በሌላው ስለሚወጡ ጫማቸውን ታቅፌ ዞሬ መጠበቅ ነበረብኝ። አሥር ሳንቲም የሚሰጥ አለ፣ ስሙኒ የሚሰጥ አለ፣ ፎቶ አንሥቶኝ እጁን አውለብልቦ የሚሄድም አለ። የአገሬው ሰው ደግሞ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶውን ያስረክበኛል፤ ለበረባሶ ሳንቲም አይጠየቅም። ከመቶ በረባሶ መካከል የቱ የማን እንደሆነ ለይቼ አውቅ ነበር። ተረከዙ በአንድ ወገን የተበላው ቸኩሎ የሚራመድ ሰው ነው፤ ጣቱ ጋ የሳሳው ዳገት የሚያበዛ ነው። የዛሬ ልጆች ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ስኒከር አድርገው ሲመጡ የአሁኑ ጠባቂ እንዴት እንደሚለየው እንጃ።

ሰው ሁሉ ለእንጀራዬ ብዬ የተቀመጥኩ ይመስለው ነበር። ለእንጀራስ ከአክስቴ ጋር ጠላ መጥመቅ ይሻለኝ ነበር። እዚያ የተቀመጥኩት የቤተ ክርስቲያን ደፍ እንዳልሻገር ስለታዘዝኩ ነው። ከበሩ አንድ ክንድ ርቄ ቁጭ ብዬ፣ የውስጡን ዜማ እየሰማሁ፣ በሩ ሲከፈት መጋረጃውን በጨረፍታ እያየሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አልገባሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለድኩት ከፍላቂት ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ፣ ገብስ እንጂ ሌላ የማያበቅል ደጋ ላይ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ለዲያቆን ተዳርኩ። ለዲያቆን መዳር በእኛ አገር ትልቅ ክብር ነው፣ ትልቅ ፍርሃትም ነው። ዲያቆን የሚያገባው ድንግል ነው፤ ሙሽሮቹ አብረው ይቆርባሉ፤ ለቅስና የሚታጨው ከዚያ በኋላ ነው። ሚስቱ አንዲት ናት። እሷ ጥላው ሄዳ ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይፈርሳል፣ ዳግመኛ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። ስለዚህ የዲያቆን ሚስት ራሷ ላይ እንቁላል የተሸከመች ሴት ናት፤ አገር ሁሉ እንዳትሰብረው ቆሞ ያያታል። ለሠርጌ እናቴ ከወልድያ ያስመጣችልኝ ዳር ዳሩ አረንጓዴ የሆነ ሻሽ ነበረኝ። ቀሚሴን የሸመነው ሰው አሥራ ሁለት ብር ጠይቆ አባቴ ሦስት ቀን ሙሉ አጉረምርሟል። ለዲያቆን ሙሽራ መዝሙር ነው እንጂ ዘፈን የለም፤ ጓደኞቼ ግን ከአጥሩ ውጪ ተደብቀው እየጨፈሩ ነበር፣ እኔም ሻሼ ውስጥ ሆኜ እየሰማሁ እስቅ ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ ኖሬ ጥዬው ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ ያን ጊዜ የጠየቀኝ ስላልነበረ እናንተም ትንሽ ታገሡኝ። እሱ ስድስት ወር ሳይሞላ ሌላ አገባ፣ ክህነቱም ፈረሰ። አገሩ እሱን ምንም አላለውም። እኔን “ዲያቆን አፍራሽ” አለኝ። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዱ ነበር። አባቴ ከእኔ ጋር ማዕድ አልቀርብም ብሎ ለብቻው መብላት ጀመረ፤ እስኪሞትም አልቀረበኝም። እናቴ አዛኝ ነበረች፣ ግን ፈሪ ነበረች። አንድ ጠዋት እጄን ይዛ ወደ ነፍስ አባታችን፣ ወደ መምሬ አድማሱ ወሰደችኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጽድ ሥር ተቀምጠው ነበር። ተንበረከክሁ። የነፍስ አባትን ቀና ብሎ ማየት ነውር ነውና ያየሁት እግራቸውን ብቻ ነው። የግራ እግራቸው ትንሿ ጣት የለችም፤ ቄስም ቢሆኑ ገበሬ ናቸው፣ ሲያርሱ ማረሻ ወስዷት ነው።

“ጥለሽው ወጣሽ?” አሉኝ።

“አዎ፣ አባ።”

“ሌላ አገባ?”

“አዎ፣ አባ።”

“እንግዲህ ደፍ እንዳትሻገሪ። ከደጅ ሆነሽ ስገጂ። ቀኑ ሲደርስ እኔው አስገባሻለሁ” አሉኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ተነሣሁ። ነገሩ ሁሉ አንድ ቁና ገብስ የሚሰፈርበትን ጊዜ አልፈጀም።

ወሩ ሳይወጣ የመምሬ ባለቤት በወሊድ ሞቱ። ቄስ ሚስቱ ብትሞት ሌላ አያገባም፤ መምሬም ተዝካሩን አውጥተው፣ ልጆቻቸውን ለወንድማቸው ሰጥተው መነኑ። አንዱ ዋልድባ ገብተዋል ይላል፣ ሌላው ጣና ናቸው ይላል። እኔን ሳያስገቡኝ ሄዱ። እናቴ ወደ ሌላ ቄስ ብትወስደኝ “የነፍስ አባቷ ያሰራትን እኔ እንዴት ልፍታ፤ ያሰረው ይፍታት” ብለው መለሱን። ያን ቃል ይዤ ቀረሁ። የአክስቴ የልጅ ልጅ አሁን ባንክ ቤት ትሠራለች፤ ይህን ስነግራት “ታዲያ ሦስተኛ ቄስ ጋ አትሄጂም ነበር?” ትለኛለች። እውነቷን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ነገር ግን አዲስ የነፍስ አባት መያዝ ማለት ሁሉንም ከመጀመሪያው መናገር ነው፤ እኔ ደግሞ ያን “ዲያቆን አፍራሽ” የሚል ስም በራሴ አፍ ማውጣት አልቻልኩም። ሌላው ሰው ሲለኝ ያመኛል፤ እኔ ካልኩት ግን እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ላሊበላ አክስቴ ዘንድ መጣሁና በየሰንበቱ ደጃፉ ላይ መቆም ጀመርኩ። ያኔ ጫማ የሚጠብቁት አያ ሞላ የሚባሉ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩ፤ የአንዱን ለሌላው እየሰጡ ቅዳሴ በወጣ ቁጥር ጭቅጭቅ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ስቆም አይተውኝ አንድ ቀን “አንቺ ልጅ፣ መቆምሽ ካልቀረ ይኸን ጫማ ያዥልኝ” አሉኝ። ሥራ የያዝኩት እንዲህ ነው። ለምን እንደማልገባ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። እሳቸው ሲሞቱ ቦታው የእኔ ሆነ። አንዳንዱ ሴት ጫማ ጠባቂ አይቶ አያውቅምና ይገረም ነበር፤ ጫማውን ሳላሳስት ስመልስለት ግን ዝም ይላል።

ደጃፍ ላይ ብዙ ሴት ይቆማል። ወር አበባ ላይ ያለች ትቆማለች፣ አራስ ትቆማለች፣ ጾም የፈታች ትቆማለች። ሁሉም ቀኗን ቆጥራ ትገባለች። እኔ የምቆጥረው ቀን አልነበረኝም። መጀመሪያ “ለፋሲካ” እል ነበር፤ ከዚያ “ለሚመጣው ገና”፤ በኋላ ማለቱንም ተውኩት። መንግሥት ወርዶ መንግሥት ወጣ፤ ወታደሩ በአንዱ መንገድ መጥቶ በሌላው ሄደ፤ ያ ክፉ የረሃብ ዘመንም መጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝናቡ የቀረው በእኔ የተነሣ ነው ብዬ አስቤ አውቃለሁ። ራሴን የጠላሁት እዚያ ድረስ ነው። ስጸልይ ለአክስቴ፣ ለእናቴ፣ ለአገሬ እለምናለሁ፤ የራሴን ስም ግን አልጠራም ነበር፣ እግዚአብሔር ሰምቶ እንዳያስታውሰኝ። ሴቶቹ በየወሩ በሃያ አንድ የማርያምን ጽዋ ሲጠጡ ቆሎ ወደ ደጅ ይልኩልኛል፤ “ነይ ከእኛ ጋር ተቀመጪ” የምትለኝ የለችም፣ ብትኖርም እሺ አልልም ነበር። ቀስ በቀስ ስሜም ቀረና “ጫማ ጠባቂዋ” ሆንኩ።

በስሜ የሚጠራኝ አንድ ሰው ነበር፤ ከላይ መንገዱ ዳር ሻይ ቤት የነበረው ሰው። ቴትሮን ሱሪውን በየቀኑ ይተኩሰዋል፤ ቴፕ አለው፣ ካሴቱ ግን አንድ ብቻ ነው። ያንኑ ካሴት ቀን ሙሉ ያስጮኸዋል፤ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ በእርሳስ ሲያጠነጥነው አየው ነበር። ሻይ በስሙኒ፣ ዳቦ በአሥር ሳንቲም። ሚስቱ ሞታበት ነበርና አንድ ቀን ብርጭቆ እያጠበ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ “ሙሉ፣ አብረን ብንኖርስ?” አለኝ። “እኔ ሰው የማፈርስ ነኝ” አልኩት። “ምን አለኝና ታፈርሺያለሽ፣ ያለችኝ ይቺ ሻይ ቤት ናት” ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሁለት ዓመት ጠብቆኝ ከፍላቂት አገባ። ልጆቹ ዛሬ ባጃጅ ይነዳሉ፤ ሲያገኙኝ “ይግቡ እናድርስዎ” ይሉኛል። አመሰግናለሁ እላቸውና በእግሬ እሄዳለሁ። ከኋላ ሆኜ ማጅራታቸውን እያየሁ መሄዱን አልችለውም።

አንድ የገና ሰሞን ነው። ያን ሰሞን ከየአገሩ የመጣው ሰው ቁጥር የለውም፤ ጫማው እንደ ክምር ተቆልሎ እኔ ከጀርባው አልታይም። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በረባሷቸውን አወለቁና “ልጄ፣ ይቺን ያዥልኝ” አሉኝ። ልቀበላቸው ዝቅ ስል የግራ እግራቸው ትንሿ ጣት የለችም።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸውን አላውቀውም፤ አይቼው አላውቅማ። እግሩን ግን ከሺህ እግር መካከል ባገኘው አልስተውም። እሳቸው ገቡ። በረባሷቸውን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ቀረሁ፤ ሰው “ጫማዬን” ቢለኝ አልሰማም፤ በዚያች ቀን አያ ሞላ እንኳ ያላሳሳቱትን ጫማ አሳሳትኩ። ሲወጡ ዝቅ ብዬ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩላቸው፣ መርቀውኝ ሄዱ። ዘበኛውን ብጠይቀው “አባ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ ከላይ ተራራው ላይ አሸተን ማርያም ከመጡ ገና ወራቸው ነው” አለኝ።

ሦስት ሳምንት አልሄድኩም። ዳገቱ አይደለም የያዘኝ። “ቀንሽ ገና ነው” ቢሉኝስ? “ለአንቺስ መግቢያ የለሽም” ቢሉኝስ? እስካልሄድኩ ድረስ ቢያንስ የረሱኝ ናቸው እንጂ የጣሉኝ አይደሉም። በአራተኛው ሳምንት አንድ ማክሰኞ ተነሥቼ ወጣሁ። ዛሬ ያን ዳገት ከታች ሆኜ ሳየው እንዴት እንደወጣሁት ይገርመኛል፤ አንዴም አላረፍኩም።

አባ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ከአጠገባቸው ማንም የለም።

“አባ፣ ይባርኩኝ።”

“እግዚአብሔር ይባርክሽ። ከየት መጣሽ?”

“ከታች ነኝ። አባ፣ እርስዎ ድሮ መምሬ አድማሱ ነበሩ?”

ዳዊታቸውን አጠፉት። “ያ ስም ከቀረ ቆየ። አንቺ ማን ነሽ?”

“ያሰሩኝ ነኝ” አልኳቸው።

አላወቁኝም። መንደሬን ነገርኳቸው፣ የአባቴን ስም ነገርኳቸው፣ ጽዱን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። “ብዙ ሰው አስሬ ፈትቻለሁ፣ ልጄ። አንቺንም ፈትቼሽ ይሆናል” አሉ።

“አልፈቱኝም። እኔው አስገባሻለሁ አሉኝ፤ ከዚያ ባለቤትዎ ዐረፉና ሄዱ።”

ይህን ስል ፊታቸው ተለወጠ። “ያን ሰሞን ነው እንዴ?” አሉ ዝግ ብለው። “ያን ሰሞን እንኳን የሰው ቀን የራሴንም ስም አላውቅ። ለእንዲህ ያለው የምሰጠው አርባ ቀን ነው። ከአርባ ቀን ያስበለጥኩበት ሰው የለም።”

“ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ አባ።”

እኔ አለቅሳለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት፤ የመጣብኝ ግን ንዴት ነው። አርባ ቀን! ያን ሁሉ ዘመን እግዚአብሔር የተቆጣኝ መስሎኝ የኖርኩት አንድ ኀዘንተኛ ሰው ስለረሳኝ ነው።

“ኃጢአትሽ ምን ነበር?” አሉኝ።

“ዲያቆን ባሌን ጥዬ ወጣሁ።”

“ለምን?”

ይህን ጥያቄ እናቴ አልጠየቀችኝም። አባቴ አልጠየቀኝም። ጽዱ ሥር እሳቸውም አልጠየቁኝም። ነጠላዬን ገልጬ ግራ ክንዴን አሳየኋቸው፤ ተሰብሮ ያለ ወጌሻ የገጠመ፣ ጠማማ ክንድ ነው።

“በመቋሚያው ነው” አልኳቸው። “ከማኅሌት ወጥቶ መጣና የእግር ውኃው አልሞቀም ብሎ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ራሴን አለኝ፤ ሁለት ቀን ሰው አላውቅም ነበር። ነፍሴን ሳውቅ ወጣሁ። ብቆይ ሬሳዬ ነበር የሚወጣው።”

“ታዲያ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?”

“አልጠየቁኝማ።”

ኋላ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡና መስቀላቸውን አወጡ። “ስመ ክርስትናሽ ማን ነው?” አሉኝ። ወዲያው አልመጣልኝም። የክርስትና እናቴ ከሞተች ማንም ጠርቶኝ አያውቅ፣ እኔም ለራሴ ጠርቼው አላውቅ። “ወለተ ሰንበት” አልኩ በመጨረሻ፤ የሌላ ሴት ስም የምነግራቸው መሰለኝ።

“ወለተ ሰንበት፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ” አሉና መስቀሉን ግንባሬ ላይ አኖሩት። ሸክሜ ይወርዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልወረደም፤ ንዴቴ እንዳለ ነበር።

አባ መስቀላቸውን መለሱ። መቋሚያቸውን ቀስ ብለው ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ያለሱ መቆም ይከብዳቸዋል። “አሁን ደግሞ አንቺ ይቅር በይኝ” ብለው ፊቴ ጎንበስ አሉ።

በአገራችን ይቅር በለኝ ለሚል ሰው መልሱ ይታወቃል፤ ያውም ለሽማግሌ፣ ያውም ለመነኩሴ። ከአፍ ሳይወጣ አይታደርም። አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

“ትንሽ ይቆዩ፣ አባ” አልኳቸው።

ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። እኔ ዞር ብዬ ቁልቁል ተመለከትኩ፤ የከተማው ቆርቆሮ በፀሐይ ያብለጨልጫል፣ ሰው አይታይም። ስለ አባቴ አሰብኩ። ስለዚያ ብርጭቆ እያጠበ ፊቱን ሳያዞር ስለጠየቀኝ ሰው አሰብኩ፤ ስላልወለድኳቸው ልጆች አሰብኩ። አዛውንት አስጎንብሶ ማቆም ነውር እንደሆነ አጥቼው አይደለም። አውቄው ነው ያቆምኳቸው፤ ዛሬም አልጸጸትበትም። ከጀርባዬ ትንፋሻቸው ሲከብድ እሰማለሁ። አልተማረሩም፣ ቀናም አላሉም፤ የእኔን ቃል ይጠብቁ ነበር። የእኔን ቃል ቆሞ የጠበቀ ሰው እስከዚያች ቀን አልነበረም።

ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ዞርኩና በዚያ በጠማማው ክንዴ ደግፌ ቀና አደረግኋቸው። “ይቅር ለእግዚአብሔር” አልኳቸው፤ ስለውም ከልቤ ነበር። እሑድ ቤተ ማርያም ገባሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም።